አዋሽን እስከ ጥጉ የተከተለው እንግሊዛዊና ጠመንጃው

የጠመንጃ ስሞቻችን አብዛኞቹ የፈረንጅ ስሞች ናቸው። ሰናድር የምንለው ስናይደር ነው፤ በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው የእንግሊዝ ጠመንጃ። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፊውዚል ግራ ነው። ምንሽር ደግሞ ማንሊከር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እነዚህ ሁሉ የጦር ሜዳ ዕቃዎች ናቸው። አማርኛም ያላመዳቸው በፉከራና በቀረርቶ ነው። ስም ያላወጣንለት አንድ የጠመንጃ ዘር ግን አለ። ለውጊያ ሳይሆን ለአደን ተብሎ ለንደንና በርሚንግሃም ውስጥ በእጅ ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው። ወደ እኛ አገር የመጣው በመርከብ ተጭኖ ለሠራዊት ሊታደል ስላልነበረ፣ በእንግዳ ትከሻ ላይ ገብቶ በእንግዳ ትከሻ ላይ ወጥቷል።

ለዚህ ዘር ጠመንጃ ልባቸው የሚሸፍት ሰዎች ዛሬም በዓለም ሁሉ አሉ። መቶ ዓመት ያለፈውን ጠመንጃ በጨረታ ለመግዛት ተጋፍተው ይከፍላሉ። እውነቱን ለመናገር ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። ሪግቢ፣ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ ዌስትሊ ሪቻርድስ፣ ፐርዲ የሚባሉት ቤቶች ጠመንጃን እንደ ሙሉ ልብስ በገዢው ልክ ነበር የሚሠሩት። የክንዱ ርዝመትና የትከሻው ስፋት ይለካል። ሰደፉ ከተመረጠ የዋልነት እንጨት ይጠረብና ዘይት በእጅ እየታሸበት ይጠቁራል። ሁለት አፈሙዝ ያለው ከሆነ ደግሞ ባለሙያው እየተኮሰ፣ እየፈታ፣ እንደገና እያስተካከለ ሁለቱ ጥይቶች አንድ ቦታ እስኪያርፉ ድረስ ይታገላል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የሪግቢ .275 ነገር ነው። ሪግቢ .275 የተባለው ጥይት የጀርመኑ 7 በ57 ማውዘር ነው፤ እንግሊዞቹ ሚሊ ሜትሩን በኢንች ለውጠው ስም ሰጡት። የጠመንጃው መቆለፊያ ብረት ራሱ የሚመጣው ጀርመን ኦበርንዶርፍ ካለው የማውዘር ፋብሪካ ነበር። ቦሮች በደቡብ አፍሪካ እንግሊዞችን የፈጁበት ጥይት፣ ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ጨዋ አዳኝ መለያ ሆነ። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ደብሊው ዲ ኤም ቤል በዚህች ትንሽ ጥይት በመቶ የሚቆጠሩ ዝሆኖችን ጥሏል።

እንዲህ ያለው ጠመንጃ የሚማርከው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከካታሎግ ይልቅ አዲስ አበባ ተወልዶ በአፋር ምድር ስም ያተረፈውን የዊልፍሬድ ቴሲጀርን ሕይወት ብናይ ይሻላል። የእሱም ስም ከሪግቢ .275 ጋር አብሮ ይነሳል።

ቴሲጀር የተወለደው ጁን 3 ቀን 1910 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ፣ በጭቃ በተሠራ ጎጆ ነው። አባቱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። የአባቱ አባት ደግሞ ጄኔራል ሎርድ ቼምስፎርድ ናቸው። በ1879 ኢሳንድልዋና ላይ ማርቲኒ ሄንሪ የታጠቀውን ጦራቸውን የዙሉ ጦረኞች በጦርና በጋሻ ያወደሙባቸው ጄኔራል ማለት ነው። ልጁ ይህን ታሪክ እየሰማ ማደጉን ልብ ይሏል። በኋላ በሕይወቱ ሁሉ ያደላው ጠመንጃውን ለያዘው ሳይሆን ጋሻውን ለያዘው ነበርና።

በ1916 የልጅ ኢያሱ ጉዳይ በከረረ ጊዜ ራስ ተፈሪ ገና የጥቂት ወራት ሕፃን የነበሩትን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለደህንነታቸው ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ላኳቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ። ከቀናት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት በጃን ሜዳ ሲያልፍ የስድስት ዓመቱ ቴሲጀር ቆሞ ተመለከተ። የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ደም የነካ ልብስ ያልቀየሩ፣ ጋሻና ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች እንደ ጎርፍ አለፉ። በመካከላቸውም ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው ነበር። ቴሲጀር ሸምግሎ እንኳ ይህን ቀን የሕይወቱ መነሻ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ለእንግሊዝ ኑሮ ልቡ ያልበረደለት፣ ከመኪናና ከፋብሪካ የሸሸው፣ ያን ትዕይንት ዳግም ፍለጋ ይመስላል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤተሰቡ ህንድ ሄደ። አጎቱ የህንድ እንደራሴ ነበሩና አባቱ ታይገር ሲያድኑ ልጁ አብሮ ተቀምጦ አየ። በ1919 ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በጥር 1920 አባቱ በድንገት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኢተን፣ ቀጥሎም ኦክስፎርድ። ብቸኛ ተማሪ ነበር፤ የቦክስ ተወዳዳሪ ነበር፤ የሚያነበው የአደንና የአፍሪካ መጽሐፍ ነበር። ልጅነቱን አዲስ አበባ ጥሎ የወጣ ልጅ እንግሊዝ አገር ከመጻሕፍቱ በቀር ሌላ መጠጊያ አልነበረውም።

በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞውን ሚኒስትር ልጅ አልዘነጉትም፤ በግል ጋበዙት። የሃያ ዓመት ተማሪ የሆነው ቴሲጀር ከእንግሊዝ ልዑካን ጋር መጥቶ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንግሥ በዓል ላይ ተገኘ። በዓሉ ሲያበቃ ጠመንጃውን ይዞ ወደ አዋሽ ወረደና በቢለን አካባቢ አንድ ወር ያህል ሲያድን ሰነበተ።

እዚህ ላይ ሕግ የተማረ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 21 ቀን 1930፣ የጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበትን ሁኔታ የሚወስን ስምምነት ፓሪስ ላይ ተፈርሟል። ፈራሚዎቹ ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ናቸው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆንም የመሣሪያ ንግድን የሚመለከት ግዴታ እንድትገባ ተደርጎ ነበር። በወረቀት ሲያዩት የፓሪሱ ስምምነት ክፉ አይደለም፤ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት በአገሩ መሣሪያ ላይ ባለሥልጣን አድርጎ ይቀበላል። ሆኖም ወደቦቹ የሦስቱ መንግሥታት ነበሩ፤ የበሩ ቁልፍም በእነሱ ኪስ ቀረ። አንድ ነጻ መንግሥት ለሠራዊቱ ጠመንጃ ለማስገባት የሦስት ጎረቤቶቹን ፊት በሚያይበት ዓመት፣ አንድ የሃያ ዓመት ተማሪ የአደን ጠመንጃውን አንግቶ አዋሽ ዳር ይዘዋወራል። ልጁን መውቀሴ አይደለም። የዚያ ጠመንጃ ውበት ግማሹ ከዋልነቱና ከዘይቱ የመጣ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ግን ባለቤቱ የትም ይዞት ሊገባ ከመቻሉ የመጣ እንደነበር ለማመልከት ነው።

ከአደኑ ይልቅ ቴሲጀርን የያዘው ግን አንድ ጥያቄ ነበር። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ታዲያ የት ይጠፋል? ከአውሳ ወዲያ ያለውን ጥጉን በቅጡ አይቶ የመዘገበ የውጭ ሰው አልነበረም። ሊገባ የሞከረ አውሮፓዊም በደህና አልወጣም ነበር። በ1875 ለግብጽ ያደረው ስዊዛዊው ሙንዚንገር ከነጦሩ አውሳ ላይ አለቀ። በ1881 ጁሊየቲ፣ በ1884 ቢያንኪ የተባሉ ጣሊያኖች ከነጓዶቻቸው ተገደሉ። ኔስቢት የተባለ እንግሊዛዊ በ1928 ከሁለት ጣሊያኖች ጋር አፋርን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ቢወጣም የአዋሽ መጨረሻ ገና አልተፈታም።

ቴሲጀር በ1933 ተመልሶ መጣ። አብሮት የመጣው ጓደኛው አርሲ ተራሮች ላይ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዲሴምበር 1 ቀን 1933 ዑመር ኢብራሂም የተባለ ብርቱ ሶማሌ የጉዞ አለቃ አድርጎ፣ ግመሎቹን ጭኖ፣ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሳ። ከአለቃው እስከ ግመል ነጂው ድረስ በሰላም ወጥቶ መግባቱ የእነዚህ ሰዎች ሥራ እንደነበር የጉዞ መጻሕፍት ሽፋን አይናገርም።

በገዋኔ አቅጣጫ ባሕዱ ደርሶ ሳለ ከመንግሥት የመልስ ትእዛዝ መጣ። የጨርጨር ገዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፋል። ሐኪም ወርቅነህ በ1868 መቅደላ ላይ ወላጅ አልባ ሆነው የተገኙና የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው ያሳደጓቸው ሕፃን ነበሩ። ሰናድር ይዞ የመጣው ጦር የወሰዳቸው ያ ሕፃን፣ ከ65 ዓመት በኋላ ለአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ግባ ወይም ተመለስ የሚሉ የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ሆኑ። መመለሱ ቴሲጀርን አንገብግቦታል። እኔ ግን በሐኪሙ እፈርዳለሁ ለማለት ይከብደኛል። አንድ የውጭ ዜጋ በግዛታቸው ቢገደል ለንደን ማንን እንደምትጠይቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ ወጣቱ ለሚደርስበት ሁሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ተጠያቂ እንደማይሆን በደብዳቤ አረጋግጦ በፌብሩዋሪ 1934 ተፈቀደለት።

ባሕዱ ላይ ቴሲጀር ሐምዶ ኡጋ የሚባል ወጣት ባላባት አገኘ። ወጣቱ በቅርቡ ሰው ገድሎ ስም አግኝቶ ነበር። የዚያ ዘመን አፋር ወንድነትን ከገዳይነት ጋር ያያይዘው ነበር፤ እኛም ደጋዎቹ ከዚህ የራቅን አልነበርንም፣ ፉከራችን ምስክር ነው። የሚገርመው ቴሲጀር አለመደንገጡ ነው። ሐምዶን ያመሳሰለው በክሪኬት ለትምህርት ቤቱ ቡድን ገና ከተመረጠና ደስታው እያሳፈረው ከሚሽኮረመም የኢተን ተማሪ ጋር ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐምዶ በወረራ ተገደለ። አንባቢ ይህን ንጽጽር ፈገግ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን የሰውየውን መላ ሕይወት የሚከፍት ቁልፍ ይመስለኛል። ግዳይ የሚቆጥር ሰው ግዳይ የሚቆጥረውን ያውቀዋል። ልዩነቱ አንዱ የሰው፣ ሌላው የአውሬ ነፍስ መቁጠሩ ነው።

በማርች መጨረሻ አውሳ ደረሰ። ሱልጣን ሙሐመድ ያዮ ብር የተለበጠ በትር በያዘ መልእክተኛ አስጠሩት፤ በትሩ የሱልጣኑ ቃል ነው፣ የያዘውን የሚነካ የለም። የተገናኙት በጫካ መካከል በተመነጠረ ሜዳ ነበር። ነጭ የለበሱ፣ ጠመንጃና ጊሌ የታጠቁ ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። በ1875 ሙንዚንገርን ያጠፉት የእኒሁ ሱልጣን ቤተሰብ ናቸው። ሱልጣኑ ያሳሰባቸው ቀላል ጉዳይ ነው፤ ይህ ልጅ ወንዙን የሚለካው ለማን ነው? ለአዲስ አበባ? ለፈረንሳይ? ለጣሊያን? ጥርጣሬያቸው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ጣሊያን አገሪቱን ስትወር ትክክል እንደነበር ታይቷል፤ በዚህ ልጅ ላይ ባይሆንም። በዚያች ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ጠመንጃ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከበትሯ ያነሰ ዋጋ ነበረው። ሱልጣኑ ከብዙ ጥያቄ በኋላ ፈቀዱ።

ቴሲጀር ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ አዋሽ በአቤ ሐይቅ ሲያልቅም አየ። ጨዋማ ውኃ፣ ከዳርቻው የሚተን እንፋሎት፣ እንደ ምሰሶ የቆሙ የኖራ ድንጋዮች። ዛሬ በከባድ መኪና ከሎግያና ከሰመራ አልፎ፣ በሰርዶ በኩል ዲቾቶ የሚደርስ ሰው፣ መንገዱ ወደ አሰብና ወደ ጋላፊ በሚከፈልበት በዚያ የድንጋይ ምድር ቆሞ ወደ ደቡብ ቢመለከት ሐይቁ በዚያ አቅጣጫ ነው። ሾፌሮቻችን ጎማ እያስነፉ ሻይ የሚጠጡበት አገር ለእሱ ዓለም የማያውቀው ጥግ ነበር፤ ለአፋር አርብቶ አደር ግን ያኔም ዛሬም ቤቱ ነው። ከአቤ ወዲያ ያለው ጉዞ የከፋ ነበር። ሣር ጠፋ፣ ከግመሎቹ ብዙዎቹ አለቁ። በአሳል ሐይቅ በኩል ሜይ 20 ቀን 1934 ታጁራ ወደብ ገባ። ባለቅኔው ራምቦ በ1886 ለምኒልክ ሊሸጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎች ጭኖ የተነሳው ከዚችው ታጁራ ነበር። ቴሲጀር ያን ጊዜ 24 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት በሱዳን አስተዳደር ቀጠረው። መጀመሪያ ዳርፉር፣ ኋላም የኑዌር አገር ተመደበ። በአምስት ዓመት ውስጥ 70 አንበሳ ገደለ። ቁጥሩን የነገረን ራሱ ነው። ከብት የሚበሉ አንበሶች ነበሩ፤ ሕዝቡም ይለምነው ነበር፤ አስተዳደሩም አይከለክልም። ቢሆንም ሰባ ሰባ ነው። የድሮ ጠመንጃ ወዳጆች ስለ እንጨቱና ስለ ብረቱ ሲያወጉ ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ያልፉታል። አዋሽ ፓርክ በ1966 ሲቋቋም ሳላና አጋዘኑን ከጠመንጃ ለማስጣል የታሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እሱ ሱዳን ሳለ ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ተዘጋጀች። በ1935 እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገደች። ጣሊያን መሣሪያዋን ራሷ የምትሠራ ናትና እገዳው ያረፈው በእኛ ላይ ብቻ ነው። እኩል የሚመስል ሕግ እኩል ባልሆኑ ሰዎች ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቴሲጀር በገዛ መንግሥቱ አፈረ፤ ኀፍረቱንም እስከ ሞቱ አልደበቀም። ስለዚህ በ1940 ዕድሉ ሲመጣ ጎጃም ገባ። ከሳንድፎርድ ጋር፣ ቀጥሎም በዊንጌት የጌዴዎን ጦር ውስጥ ከአርበኞች ጎን ተሰለፈ። ሜይ 5 ቀን 1941 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ እሱ ገና በበረሃ ነበርና አላየም፤ ይህም ቆጭቶታል። በዚያው ወር ከራስ ካሣ ሰዎች ጋር ሆነው አጊባር ላይ የጣሊያንን ጦር እጅ ካሰጡት አንዱ ሆነ፤ የእንግሊዝ የጀግንነት ኒሻንም ተሸለመበት።

በ1944 ደሴ ላይ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን አማካሪ ሆነ። በ1916 ሌጋሲዮን ውስጥ የተደበቁት ሕፃን ማለት ነው። ሥራው ግን አልሆነለትም፤ የሚሰማው ምክር ጠያቂ አልነበረም፤ ዓመቱን ሳይደሰት ጨረሰ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ መንግሥት ጦር ልኮ የአውሳውን ሱልጣን ሙሐመድ ያዮን አስያዘና ሱልጣንነቱ ለአሊ ሚራህ ሐንፈሬ ተላለፈ። ከአሥር ዓመት በፊት በጫካው ሜዳ የቆሙት 400 ሰዎች ዘመን አበቃ።

ዓለም የሚያውቀው ቴሲጀር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከ1945 እስከ 1950 በዐረቢያ፣ ሩብ አል ኻሊ የተባለውን ባዶ በረሃ ከበደዊን ጋር ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ ቀጥሎ በኢራቅ ረግረግ ከማዳን ሕዝብ ጋር ዓመታት ኖረ። እዚያም የገበሬውን እህል የሚያወድሙ የዱር አሳማዎችን በመቶዎች ገደለ፤ በሌላ እጁ ደግሞ ሕመምተኛ ያክም ነበር። በ1959 እና በ1964 ስለ ሁለቱ አገሮች የጻፋቸው መጻሕፍት ዝናውን አጸኑለት።

ኢትዮጵያን ግን አልተዋትም። በ1959 እና በ1960 በበቅሎ ደቡቡን፣ ከዚያም ላሊበላን፣ ሰሜን ተራራንና መቅደላን ዞረ። በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ሐዘኑ የግል ሐዘን ነበር። በ1987 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን መታሰቢያነት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰጠ። እዚህ ላይ ከቴሲጀር እለያለሁ። የንጉሡን ቸርነት በልጅነቱ የቀመሰ ሰው የገባሩን ኑሮ ማየት ተስኖት ነበር፤ የሚወደው አገር እንደ ጃን ሜዳው ሰልፍ ቆሞ እንዲጠብቀው ይፈልግ ነበር። ትምህርት ቤትና መንገድ ሲገባ ይከፋዋል። የአፋር እናት በወሊድ ጊዜ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ ብታገኝ እንደማይከፋት ግን መገመት አይቸግርም።

ከእርጅና ዓመታቱ ብዙዎቹን ኬንያ ውስጥ ማራላል በምትባል ከተማ በሳምቡሩ ወጣቶች ተከቦ ኖረ። በ1995 የ"ሰር" ማዕረግ ተሰጠው። የአዋሽ ጉዞውን የዕለት ማስታወሻ ያሳተመው በ1996 ነው፤ ጉዞው ካለፈ 62 ዓመት በኋላ። ኦገስት 24 ቀን 2003 እንግሊዝ አገር በ93 ዓመቱ አረፈ።

ወደ 38,000 የሚጠጉ የፎቶግራፍ ነጋቲቮቹ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ከአዋሽ ጉዞው የተረፉት የአፋር ሰዎች ምስሎችም አብረው አሉ፤ ጊሌያቸውን በወገባቸው እንደታጠቁ። እነሱ ውጅግራቸውን ትተው ክላሽ ካነገቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አውጥቶ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ደንግጓል። አዋጁን እያገላበጥኩ ሳለሁ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ቴሲጀር በ1930 አዋሽ ሲወርድ ይዞት የነበረው ጠመንጃ ዛሬ በጂቡቲ በኩል ቢመጣ ጋላፊ ላይ ይቆማል፣ ፈቃዱም ይጠየቃል።